ማሽኑ አዳራሹ ውስጥ፣ ሙቀቱ ጣራ ላይ፦ በባሕር ዳር በውኃ የሚቀዘቅዝ ኤሲ አተካከል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። እዚህ ያላችሁት የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ የሕንፃ አስተዳዳሪዎችና የፖሊቴክኒክ ተማሪዎች ስለሆናችሁ በቀጥታ ወደ ሥራው እገባለሁ። የምንነጋገረው የማቀዝቀዣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ ሙቀቱን ለውኃው የሚሰጠው ኮንደንሰር፣ ከክፍሉ አየር ሙቀት የሚወስደው ኢቫፖሬተርና ማራገቢያው በአንድ ሣጥን ተጠቃለው ሕንፃው ውስጥ ስለሚቆሙለት ኤሲ ነው። ይህ ማሽን ከክፍሉ የሰበሰበውን ሙቀት በውኃ አድርጎ ጣራ ላይ ወዳለ ኩሊንግ ታወር (ውኃው ተረጭቶ በከፊል በመትነን ወደሚቀዘቅዝበት ማማ) ይልከዋል። ንግግራችን ቁጥር እንዲኖረው ባለ 10 ቶን ማሽን እንያዝ። 10 ቶን ማለት ከክፍሉ 35 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ማውጣት ማለት ነው።

ማሽኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ጋዙ ተሞልቶ፣ ተፈትኖና ታሽጎ ነው። እኛ የምንሠራለት የውኃውን መንገድ፣ የአየሩን መንገድና የመብራቱን መስመር ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚያስቸግረውም በአብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ በኩል ነው፤ ከሦስቱም ደግሞ በውኃው። ስለዚህ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ውኃው ላይ እቆያለሁ።

ለማን ነው የሚሆነው? አንድ ቢሮ ወይም ሁለት ክፍል ማቀዝቀዝ የሚፈልግ ሰው ተራውን ስፕሊት (አንዱ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ የሚሰቀለውን) ይግዛ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ካለው ሙቀት በቀር ብዙው ቢሮ ጥላና የሚከፈት መስኮት ይበቃዋል። በውኃ የሚቀዘቅዘው ማሽን የሚያስፈልገው ለስብሰባ አዳራሽ፣ ለባንክ መቀበያ አዳራሽና ለሱፐርማርኬት ነው። በተለይም የውጭ ማሽን የሚሰቀልበት በረንዳ ለሌለው፣ ከታችኛው ወለል እስከ ጣራ ድረስ የጋዝ ቧንቧ ለመዘርጋት ርቀቱ ለማይፈቅድለት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ይስማማል። የጋዝ ቧንቧ ከልክ በላይ ሲረዝም ዘይቱ ወደ ኮምፕረሰሩ በደንብ አይመለስም፣ አቅሙም ይወርዳል። ውኃ ግን ስምንት ፎቅ ቢወጣና ቢወርድ ችግር የለበትም።

አሁን ውኃው ከየት ይምጣ? ሦስት ሐሳቦች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የከተማውን የቧንቧ ውኃ በኮንደንሰሩ አሳልፎ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነው። ይህ ለአንድ ቶን በደቂቃ 5.7 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ለ10 ቶን በሰዓት 3,400 ሊትር ይሆናል። ማሽኑ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 34 ሜትር ኩብ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ፍሳሽ ገባ ማለት ነው። ሰው ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍበት አገር ይህ ሊታሰብ የማይገባው ነገር ነው፣ የቆጣሪው ሂሳብም አይቻልም።

ሁለተኛው ጣናን መጠቀም ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ባለቤቶች ይህን መጠየቃቸው አይገርምም፤ ውኃው ደጃቸው ላይ ነው። ነገር ግን ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ደለል ይነሣል፣ በክረምት ደግሞ ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ። እምቦጭ አለ፤ ከ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ሐይቁ ላይ የተስፋፋው አረም ሥሩም ቅጠሉም የውኃ መሳቢያን አፍ ይዘጋል። የኮንደንሰሩ ቧንቧ ቀጭን ነው፣ ደለል ከተጋገረበት ማሽኑ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይቆማል። በመካከል የሙቀት መለዋወጫ ፕሌት አስገብቶ፣ ትልቅ ማጣሪያ ሠርቶ ማስኬድ ይቻላል። ዋጋው ግን ከታወሩ ይበልጣል፣ የሞቀውን ውኃ መልሶ ወደ ሐይቁ መልቀቅም ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበ አካባቢ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ ሐይቁን ተዉት።

የቀረው ታወሩ ነው። እዚያ አንዱ ውኃ እየተመላለሰ ይሠራል። የሚጠፋው ተንኖ የሚሄደውና ጨው እንዳይከማች ሆን ብለን የምንለቀው ብቻ ነው። ኮንደንሰሩ የሚያወጣው ሙቀት ከክፍሉ የወጣውና የኮምፕረሰሩ ኃይል ተደምሮ በአንድ ቶን 4.4 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህን ለማስወጣት በሰዓት 6.5 ሊትር ያህል ይተናል። ለ10 ቶን 65 ሊትር፣ ከሚለቀቀው ጋር 87 ሊትር ገደማ በሰዓት ይሆናል። በ10 ሰዓት ከ900 ሊትር በታች ነው፤ ቀደም ካልነው 34,000 ሊትር ጋር አወዳድሩት። የከተማ ውኃ ለሁለት ቀን ቢቋረጥ የሚያሠራ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለታወሩ ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከሕንፃው የመጸዳጃ ሮቶ ጋር ካጣመራችሁት አንዱ ሌላውን ያደርቀዋል።

የባሕር ዳር አየር ለታወር ይስማማዋል። ታወር ውኃን የሚያቀዘቅዘው እስከ አየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር ወደሚያሳየው ንባብ ነው የሚጠጋው። አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 25 በመቶ ሲሆን በእኛ ከፍታ ያ ንባብ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በክረምት 22 ዲግሪና 85 በመቶ ሲሆን 20 ይጠጋል። ደኅና ታወር ከዚህ ንባብ 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ያለ ውኃ ይሰጣል። ካታሎጎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፉት ውኃ በ29 ገብቶ በ35 ይወጣል ብለው ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ የቀዘቀዘ ውኃ ስላለን ታወሩን «ለጥንቃቄ» ብሎ በእጥፍ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የቀዘቀዘ ውኃ ግን ጣጣም አለው። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ወይም በክረምት ምሽት ውኃው ከ18 ዲግሪ በታች ከወረደ የኮንደንሰሩ ግፊት ይወድቃል። ያኔ ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚያሳልፈው ኤክስፓንሽን ቫልቭ በቂ ጋዝ አያሳልፍም፣ ኢቫፖሬተሩ ይራባል፣ በመጨረሻም በረዶ ይይዛል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጋዝ ጎድሏል ብሎ ይሞላል። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ያው ማሽን በከፍተኛ ግፊት ይቆማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የታወሩን ማራገቢያ በቴርሞስታት አስሩት፣ ውኃው ከ24 ዲግሪ በታች ሲሆን ይቁም። ካልበቃ በኮንደንሰሩ ግፊት የሚከፈትና የሚዘጋ የውኃ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጨምሩበት።

ታወሩን ጣራ ላይ ስታስቀምጡ ከመስኮትና ከንጹሕ አየር መሳቢያ አርቁት። ከእርሱ የሚረጨው ጠብታ ውስጥ ሌጂዮኔላ የምትባል፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ የምትራባ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ልትኖር ትችላለች። ገንዳው ላይ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይወርድ አድርጉ፣ አልጌው ይቀንሳል። ክብደቱን በውኃ የተሞላ አድርጋችሁ አስሉ። እግሮቹም ሶሌታው ባዶ ላይ ሳይሆን ከታች ኮለን ወይም ቢም ያለበት ላይ ይረፉ።

ፓምፑን በተመለከተ በጣም የተለመደ ስሕተት አለ። ሰው የሕንፃውን ቁመት ይለካና «ስምንት ፎቅ ስለሆነ 30 ሜትር የሚገፋ ፓምፕ» ይገዛል። ማሽኑ ምድር ቤት፣ ታወሩ ጣራ ላይ ቢሆንም የሚወርደው ውኃ የሚወጣውን ይመዝነዋል። ፓምፑ የሚያነሣው ከታወሩ ገንዳ እስከ መርጫው ያለውን ከፍታ ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ የቧንቧና የማሽኑ መቋቋም ይጨመራል። ለ10 ቶን በሰከንድ 1.9 ሊትር ያስፈልገናል። መቋቋሙ በሜትር ውኃ ሲለካ ኮንደንሰሩ 5 ሜትር፣ 60 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ከኤልቦዎቹ ጋር ከ2 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ማጣሪያው (ስትሬነሩ) 1 ሜትር፣ የታወሩ ከፍታና መርጫ 4 ሜትር ቢሆን ሲደመር 12 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ከ1 ኪሎ ዋት በታች ያለ ፓምፕ ይሠራዋል። ከልክ ያለፈ ፓምፕ የመዳብ ቧንቧውን በፍጥነቱ ይሸረሽራል፣ ታወሩንም ያጥለቀልቃል። ቁመቱ የሚነካው ሌላ ነገር ነው፦ ምድር ቤት ያለው ማሽንና ተጣጣፊው ቱቦ 30 ሜትር የቆመ ውኃ፣ ማለት 3 ባር ያህል፣ በላዩም የፓምፑን ግፊት መሸከም አለባቸው። ሰሌዳውን አንብቡ።

ፓምፑ ምንጊዜም ከገንዳው በታች ይሁን። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት 81.5 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር ውኃ የሚያነሣው አየር እዚህ 8.3 ሜትር ብቻ ያነሣል። ከታች ወደ ላይ የሚስብ ፓምፕ ቶሎ አየር ይይዛል፣ እንደ ጠጠር እየተንኳኳም ኢምፔለሩን ይበላል። በመሳቢያው በኩል ሰፊ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ፣ ከፓምፑ በኋላና ከማሽኑ በፊት ደግሞ ባለ 20 ሜሽ (በአንድ ኢንች 20 ቀዳዳ ያለው) ዋይ ስትሬነር አድርጉ።

ማሽኑ ጋ ስትደርሱ በመግቢያውም በመውጫውም መዝጊያ ቫልቭ፣ ዩኒየን (የሚፈታ መጋጠሚያ)፣ ተጣጣፊ ቱቦ፣ የቴርሞሜትርና የጌጅ ቀዳዳ ይኑር። በመውጫው ደግሞ ማመጣጠኛ ቫልቭና ውኃ መፍሰሱን የሚያረጋግጥ ፍሎው ስዊች ጨምሩ። ከታች ማፍሰሻ፣ ከላይ አየር ማውጫ አይረሳ። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በቀጥታ ከመዳብ ጋር አታገናኙ። በመካከሉ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዩኒየን ካልገባ ዚንኩ ተበልቶ በጥርሱ በኩል ያፈሳል። ቧንቧው ተገጥሞ ሲያልቅ ማሽኑን ለይታችሁ በሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ፈትኑ። ከዚያ መግቢያውንና መውጫውን በቱቦ አገናኝታችሁ፣ ውኃው በማሽኑ ሳያልፍ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት አዙሩት። የብየዳ ቅርፊት፣ ቴፍሎን፣ አሸዋ ሁሉ ስትሬነሩ ውስጥ ይገኛል። ንጹሕ እስኪሆን ድረስ አጥባችሁ፣ ውኃውን ደፍታችሁ በአዲስ ሙሉ። ርክክብ ተቃርቧል ተብሎ ይህ ሥራ ከተዘለለ ያ ሁሉ ቆሻሻ የሚያርፈው ኮንደንሰሩ ውስጥ ነው።

ወደ ማሽኑ ክፍል እንግባ። ሣጥኑ በበሩ መግባቱን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ወለሉ በውኃ ልክ ይስተካከል፣ ከሥር የጎማ ወይም የስፕሪንግ መደገፊያ ይግባ፣ ቧንቧውም ሆነ የአየሩ መተላለፊያ ዳክት በተጣጣፊ ነገር ይያያዝ፤ አለበለዚያ ድምፁ በሶሌታው አልፎ ላይኛው ፎቅ ይሰማል። ኮንደንሰሩ ሼልና ቱቦ (በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ቱቦዎች የተደረደሩበት) ከሆነ ብሩሽ የሚገባበት፣ የቱቦውን ርዝመት ያህል ባዶ ቦታ ከፊቱ ተዉ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተተከለን ማሽን ለማጽዳት ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

ጋዙንም አስቡበት። አር 410 ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። አሽሬ 34 የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ለዚህ ጋዝ በአንድ ሜትር ኩብ ክፍል 0.42 ኪሎ ወሰን ያስቀምጣል። ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ግን አየሩ ራሱ ኦክስጅኑ የሳሳ ስለሆነ የተፈቀደው መጠን ወደ ግማሽ ይወርዳል። 6 ኪሎ ጋዝ ያለው ማሽን እንግዲህ 14 ሳይሆን 30 ሜትር ኩብ ያህል ክፍል ይፈልጋል። ክፍሉ ካነሰ ከወለሉ አጠገብ አየር ማስወጫ ይሠራለት።

ከኢቫፖሬተሩ የሚንጠባጠበው ውኃ የሚወጣበት ቧንቧ ላይ ወጥመድ (ውኃ የሚቆምበት የታጠፈ ቧንቧ) ያስፈልጋል። ማራገቢያው ከኢቫፖሬተሩ በኋላ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ የሚስብ ግፊት ስለሚኖር ውኃው አይወርድም፣ ተከማችቶ ወለል ያርሳል። የሚስበው ግፊት 25 ሚሊ ሜትር ውኃ ያህል ቢሆን ከማሽኑ መውጫ እስከ ወጥመዱ መውጫ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅታ፣ ከዚያ በታች 25 ሚሊ ሜትር የውኃ ማኅተም ስጡት። ቧንቧው በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። የባሕር ዳር በጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ለሳምንታት ጠብታ ላይኖር ይችላል። ወጥመዱ ይደርቅና ማሽኑ የፍሳሹን ሽታ ስቦ አዳራሽ ውስጥ ይነፋዋል። ስለዚህ ቧንቧውን በቀጥታ ከሽንት ቤት መስመር ጋር አታጣምሩ፤ ክፍት የወለል ፍሳሽ ላይ ይንጠባጠብ። በበጋም ጥበቃው ወይም ጽዳት ሠራተኛዋ በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውኃ ይጨምሩበት።

የአየሩ መንገድ። መደበኛው ለአንድ ቶን በሰዓት 680 ሜትር ኩብ ነው፣ ለ10 ቶን 6,800። ይህ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚህ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 20 በመቶ ያህል ይቀላል፣ የሚሸከመውም ሙቀት እንዲሁ። የጠፋውን ለመመለስ ማራገቢያውን ማፍጠን ይቻላል፣ ግን አስቡት፤ ፍጥነቱ 20 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ 1.73 እጥፍ ይሆናል። አየሩ በመቅለሉ በ0.8 ሲባዛ 1.38 ነው። ሞተሩ 38 በመቶ የበለጠ ይሸከማል ማለት ነው፣ እሱን የሚያቀዘቅዘው አየርም ሳስቷል። ስለዚህ ፑሊውን በጥቂቱ እያጠበቃችሁ በክላምፕ ሜትር አምፒሩን አንብቡ፣ የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ካለው አትለፉ። ዳክቱን ግን ለ8,000 ሜትር ኩብ ሥሩት፤ በሰከንድ 5 ሜትር ፍጥነት 90 በ50 ሴንቲ ሜትር ላሜራ ይበቃል። የመመለሻው ግሪል ከዚያ እጥፍ ይስፋ። የማሽኑ በር ሲዘጋ መመለሻ አየር የሚያጣ ክፍል በየቦታው አለ።

መብራቱ ላይ ፈጠን ልበል፣ ሥራውን የምታውቁት ናችሁ። 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ነው። የፌዝ መጥፋትን፣ የቮልት መውረድንና የፌዝ ተራን የሚጠብቅ ሪሌ ያለ ጥርጥር ይግባ። ስክሮል ኮምፕረሰር ተገልብጦ ከዞረ ይጮኻል፣ አያቀዘቅዝም፣ ቶሎም ይበላሻል። መብራት ሄዶ ወደ ጄኔሬተር ሲቀየር ተራው ከመሥመሩ ጋር አንድ መሆኑን ሁለቱንም ጊዜ ለኩ። አነሣሡ በቅደም ተከተል ይታሰር፦ ፓምፕ፣ ከዚያ ፍሎው ስዊች ውኃ መኖሩን ሲያረጋግጥ ኮምፕረሰር። የታወሩ ማራገቢያ በራሱ ቴርሞስታት ይሂድ። ከመብራት መመለስ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ የሚያቆይ ታይመር ይኑር። ገንዳው ውስጥ ፍሎት ስዊች አድርጉ፤ ውኃ ሲያልቅ ፓምፑ በደረቁ እንዳይዞር። ከመጀመሪያው ቀን በፊት የኮምፕረሰሩ ዘይት ማሞቂያ 24 ሰዓት መብራት አግኝቶ ይቆይ።

ማሽኑ ሲነሣ ወዲያው የጋዙን ግፊት የሚለካ ጌጅ አትሰኩ። ጌጁ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ጋዝ ይጎድላል። 20 ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ቴርሞሜትር ብቻ አንብቡ። ውኃው በማሽኑ ሲያልፍ 5 ወይም 6 ዲግሪ ይጨምር። ከ7 ካለፈ ውኃው አንሷል፤ ስትሬነሩን እዩ። ከ4 በታች ከሆነ ወይ ውኃው በዝቷል ወይ ኮምፕረሰሩ ሥራ እየሠራ አይደለም። አየሩ ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ይውረድ። ሁለቱ ልክ ከሆኑ ጋዙን አትንኩት።

ጥገና መጥቶ ጌጅ የግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። እዚህ ጋዙ በተመሳሳይ ሙቀት ከባሕር ጠለል ይልቅ 20 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 3 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ያለ ንባብ ይሰጣል። ወደ ሙቀት ሲቀየር ለ410 ስሕተቱ ከ1 ዲግሪ በታች ነው፣ 134 ኤ ለሚባለው ሌላ ጋዝ ግን አንድ ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። አየሩን ከጋዙ መስመር በፓምፕ ስታወጡ (ቫክዩም ስታደርጉ) የሰማያዊው ጌጅ መርፌ 30 ኢንች ላይ እስኪደርስ ብትጠብቁ አይደርስም፤ በባሕር ዳር ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር እንኳ 24 ኢንች ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደክሟል ብላችሁ አትጣሉት። በጣም ትንሽ ግፊት በሚለካው ማይክሮን ጌጅ ከ500 በታች ወርዶ ሲቆይ ነው ያለቀው።

የመጨረሻው የውኃው ጤንነት ነው። ውኃ ሲተን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ካልተለቀቀም በውኃ ማፊያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ኮንደንሰሩን ያለብሰዋል። በቲዲኤስ ሜትር (በውኃ የሟሟውን ጨው በሚለካው) የሮቶውንና የገንዳውን ውኃ ለኩ፤ የገንዳው ከሮቶው 4 እጥፍ እንዳይበልጥ ያዙት። ለዚህ የሚለቀቀው የተነነው ሲሦ ነው፣ ለ10 ቶን በሰዓት 22 ሊትር ያህል። ውድ መቆጣጠሪያ ከሌላችሁ ትንሽ ቫልቭ ከፓምፑ በኋላ ሰክታችሁ፣ የአንድ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ በ2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ እንዲሞላ አስተካክሉት። ፓምፑ ሲቆም እሱም ይቆማል። ገንዳውን በየጊዜው አጥባችሁ ክሎሪን አድርጉ። መጠኑን ግን በመለኪያ ያዙት፣ ሲበዛ ብረቱን ይበላል።

በተከላው ቀን ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት (ኮንደንስ የሚያደርግበት) ሙቀት ከወጪው ውኃ በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ መዝግባችሁ በማሽኑ በር ውስጠኛ ክፍል ለጥፉ። ያ ልዩነት፣ ውኃው ልክ ሆኖ ሳለ፣ ከመጀመሪያው በ3 ዲግሪ ሲያድግ ቅርፊት ይዟል። ሼልና ቱቦው በናይለን ብሩሽ ይጸዳል። ቱቦ በቱቦ የሆነው ጠምዛዛ ኮንደንሰር ብሩሽ አይገባበትም፤ ሁለቱን ቫልቮች ዘግታችሁ፣ ለመዳብ የማይጎዳ መከላከያ ያለው የሰልፋሚክ ወይም የፎስፎሪክ አሲድ ድብልቅ በትንሽ ፓምፕ ከታች አስገብታችሁ ከላይ እያስወጣችሁ አዙሩት፣ አረፋ መሥራቱን እስኪያቆም። የጎማ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ የክፍሉን በር ክፈቱ። ሲያልቅ የድብልቁን አሲድነት በሶዳ እያለዘባችሁ ፒኤች 7 እስኪሆን ለኩት፣ ከዚያ ወደ ሕንፃው ፍሳሽ ይሂድ፤ ወደ ጣና የሚወርደው የዝናብ ቦይ ውስጥ ግን አይደፋ። በንጹሕ ውኃ ሁለቴ አጥባችሁ ቫልቮቹን ክፈቱ፣ ልዩነቱንም እንደገና ለክታችሁ በሩ ላይ ካለው ቁጥር ሥር ከነቀኑ ጻፉት።